ብርዱ ሳይሆን ሙቀቱ ነው የሚያስፈራው

የመኪና ጥያቄ ዓምድ። መልስ የሚሰጡት በሰሜን ስዊድን፣ ኡሜኦ ከተማ በጋራዥ ሥራ የሚተዳደሩት ዓምደኛችን ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የስዊድንን የበረዶ ራሊ በስልኬ እከታተላለሁ። እኛ ደብረ ብርሃን ውርጭ የጣለ ጠዋት ሚኒባሱ እንኳ ተጠንቅቆ ነው የሚወጣው። እነዚህ ግን በረዶ ላይ ይበራሉ። ጎማው በምን ይይዛል? ደግሞ በረዶ ጠፋ ተብሎ ውድድሩ የተሰረዘበት ዓመት አለ ሲባል ሰማሁ። በረዶ ከሌለ መንገዱ አይሻልም እንዴ?
ሳ.፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ልጄ፣ የመጨረሻዋን ጥያቄህን በጣም ወደድኳት። እኔም መጀመሪያ እዚህ አገር ስመጣ እንደዚያው ነበር የማስበው።

እዚህ ራሊ የሚነዳበት መንገድ ከሥሩ ጠጠር ነው፤ በበጋ ግንድ የጫኑ ከባድ መኪናዎች የሚመላለሱበት የጫካ መንገድ። ብርዱ ሲገባ (እዚህ ክረምት ማለት ዝናብ እንዳይመስልህ) መሬቱ ይረጋል፣ አመዳይ ይወርድበታል፣ ጠራጊ መኪና እየተመላለሰ ይደመድመዋል፤ በመጨረሻ እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ በረዶ ይሆናል። ሹፌሩ የሚመኘው ይህንን ነው።

ጎማውን አንድ ጊዜ በእጄ አገላብጬ የማየት ዕድል ገጥሞኛል። 384 ሚስማር ተተክሎበታል። አንዱ ሚስማር 20 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አብዛኛው ላስቲኩ ውስጥ ተቀብሮ ጫፉ ብቻ ብቅ ብሏል። መዳፌን ሳሳርፍበት እንደ ጃርት ወጋኝ። የኔ መኪና ጎማም ሚስማር አለው፣ ግን በጣት ካልዳሰስከው አታውቀውም። ሌላው የገረመኝ ቅጥነቱ ነው። ሰፊ ጎማ አመዳዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ቀጭኑ ግን ሰንጥቆት ይወርድና ሥር ያለውን በረዶ ይነክሳል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲሆን በረዶው ደረቅና ጠንካራ ስለሆነ ሚስማሩ እንደ መጥረቢያ ይገባበታል። በዚህ መያዣ ነው በአማካይ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነዱት።

አሁን ሙቀት ሲመጣ ምን እንደሚሆን አስበው። በረዶው ይሳሳል፣ ላዩ ላይ ውሃ ያቁራል። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች በሚስማራቸው እየቆፈሩ ጠጠሩን ያወጡታል። ጠጠሩ ደግሞ ሚስማሩን ይነቅለዋል። ያንኑ መንገድ ከሰዓት በኋላ ሲደግሙት ቦይ ቦይ የሠራ ጭቃና ጠጠር ነው የሚጠብቃቸው፤ በረዶው ሳይቀልጥ የቆየበት መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ጎማው ሚስማሩን ጨርሷል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። እናንተ ዘንድ ዋልካ ላይ ዝናብ ሲዘንብበት መኪና እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ፤ በፍጥነት ላይ ሆነህ እሱን አስበው።

ስለ ስረዛውም እውነት ነው የሰማኸው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልንገርህ።) ይህ ውድድር በ1950 ሲጀመር የበጋ ነበር፤ ወደ ክረምት የዞረው በ1965 ነው። በ1990 በረዶ ጠፍቶ ጭራሽ ተሰረዘ። በ2016ና በ2020 ደግሞ በሙቀቱ ምክንያት ብዙ መንገዶች ተቀንሰው ተካሄደ። ለረጅም ዘመን መቀመጫው በካርልስታድና በቶርስቢ አካባቢ፣ በምዕራብ ስዊድን ያለው የቫርምላንድ ጫካ ነበር። በ2022 ግን ብርድ ፍለጋ ወደ እኛ ወደ ኡሜኦ መጣ፤ ከስቶክሆልም በስተሰሜን 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለኔ ደስታ ነው፤ ግን ውድድሩን ተሸክመው ላደጉት ለቫርምላንድ ሰዎች ሳስብ ያመኛል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። በመንገዱ ዳርና ዳር ተጠርጎ የተከመረው አመዳይ እንደ ግንብ ይቆማል። ጎበዝ ሹፌር መታጠፊያ ላይ የመኪናውን ኋላ እዚያ ግንብ ላይ ደገፍ ያደርገዋል፤ እሱም መልሶ ወደ መንገዱ ይገፋዋል። ግንቡ የረጋ ከሆነ ነው ታዲያ። በፈቃደኝነት መንገድ ጠባቂ ሆኜ የቆምኩ ቀን፣ ትናንት የወረደ ለስላሳ አመዳይ ላይ አንዱ ሊደገፍ ሲል መኪናውን እስከ በሩ ዋጠው። ሹፌሩና አጠገቡ ተቀምጦ መንገዱን የሚያነብለት ልጅ አካፋ ይዘው ወረዱ። እዚህ አካፋ ከመኪና አይለይም። ተመልካቹም እየሮጠ መጣና በትከሻ ገፋ። ከወጡ በኋላ ወዲያው የሚነዱ መስሎኝ ነበር፤ ልጁ ግን ሮጦ ወደ መኪናው ፊት ሄደና ራዲያተሩ ፊት የተጠቀጠቀውን አመዳይ በጓንቱ እየዛቀ ማውጣት ጀመረ። እሱ ካልወጣ አየር አያልፍም፤ በዚያ ሁሉ ብርድ ውስጥ ሞተሩ ይግላል። የልጁ እጅ ሲንቀጠቀጥ እስካሁን ይታየኛል።

ጥያቄ፦ በሞንቴ ካርሎ ራሊ አንዳንዱ መኪና ሁለቱ ጎማ ባለ ሚስማር፣ ሁለቱ ልሙጥ ሆኖ አየሁ። ስህተት ነው ወይስ ዘዴ?
በ.፣ ከሊዮን

መልስ፦ ዘዴ ነው፤ ቸግሮት የመጣ ዘዴ። ይህ ራሊ የሚነዳበት እናንተ ጋ ፈረንሳይ ያለው ተራራ ከኛ ጫካ ይከፋል፤ ምክንያቱም አይታመንም። እዚህ በረዶ ከሆነ በረዶ ነው። ሞንቴ ካርሎ ግን አስፋልት ነው፤ በአንድ መንገድ ላይ ታቹ ደረቅ፣ መሐሉ እርጥብ፣ አናቱ በረዶ ይሆናል። 1,607 ሜትር ከፍታ ያለውን የቱሪኒን ኮረብታ ተመልከት። ፀሐይ የሚያገኘው ጎን ሲደርቅ፣ ጥላው ጎን አስፋልቱን መስሎ የተኛ ስስ በረዶ ይቆይሃል። ልሙጡ ጎማ ደረቁ ላይ አንደኛ ነው፣ በረዶው ላይ ከንቱ። ባለ ሚስማሩ ደረቁ ላይ ይንሸራተታል፣ ሚስማሩም ይረግፋል። ጎማ የሚመረጠው ደግሞ ወደ ተራራው ሳይወጡ ጋራዡ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለህ የጫንከው ትርፍ ጎማ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ በማዕዘን አቀያይሮ፣ ግራ ፊትና ቀኝ ኋላ ባለ ሚስማር፣ ሌላውን ልሙጥ ያስራል። የትም ቦታ የተመቸ አይሆንም፣ የትም ቦታ ግን ሙሉ በሙሉ አይከዳም።

ለዚህ ነው እያንዳንዱ ቡድን ቀድሞ የሚወጣ የበረዶ ሰላይ ያለው። ውድድሩ ከመጀመሩ ከጥቂት ሰዓት በፊት መንገዱን ነድተው የትኛው መታጠፊያ ላይ በረዶ እንዳለ ለሹፌሩ በሚነበብለት ማስታወሻ ላይ ያሰፍራሉ። በመካከል ፀሐይ ከወጣች ወይም ውርጭ ከጣለ ግን ወረቀቱ ሌላ፣ መንገዱ ሌላ። ፈረንሳዊው ሹፌር ሴባስቲያን ኦዢዬ እስከ 2025 ድረስ ይህንን ራሊ 10 ጊዜ ያሸነፈው እግሩ ስለ ፈጠነ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። የተወለደው እዚያው ጋፕ ከተማ ነው፤ የዚያን ተራራ ጥላና ፀሐይ ከልጅነቱ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። ቱሪኒ ላይ ትዕይንት ፈልገው ደረቁን መንገድ በአካፋ አመዳይ የሚረጩበት ተመልካቾች ነበሩ። ሹፌሩ ደረቅ ነው ተብሎ ተነቦለት እየበረረ ነው የሚመጣው። ይህ በሰው ነፍስ መጫወት ነው። ከሊዮን ለማየት ከሄድክ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ስታይ ዝም አትበል።

ጥያቄ፦ ስቶክሆልም ውስጥ ለሥራ እነዳለሁ። ከራሊዎቹ የምማረው ነገር አለ? ባለ ሚስማር ጎማስ ይሻለኛል?
አ.፣ ከስቶክሆልም

መልስ፦ እህቴ፣ አነዳዳቸውን ይተዉላቸው፤ ቴርሞሜትር ማየታቸውን ግን ይውሰዱ። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ ቦይ ውስጥ የገባሁት ከዜሮ በታች 25 ሆኖ አይደለም፤ ከዜሮ በላይ 1 ዲግሪ በሆነ ቀን ነው። ዛሬ ሞቀ ብዬ ፍጥነት ጨመርኩ፤ በረዶው ላይ ውሃ ነበረበት። ወደ ዜሮ የተጠጋ ቀን ከፊት ካለው መኪና እጥፍ ይራቁ።

በፈረንጅ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 1 እስከ መጋቢት 31 መንገዱ የክረምት መልክ ከያዘ የክረምት ጎማ ግዴታ ነው፤ ጥርሱም ከ3 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ጋራዥ የሚመጡልኝን ስለካ ብዙው ሰው 3 ላይ ደርሶ ነው የሚያስበው፤ እኔ 5 ሲሆን እቀይራለሁ። ሚስማሩ ከከተማ ወጥተው ገጠር መንገድ ላይ የሚነዱ ከሆነ ይጠቅማል። ከተማ ውስጥ ብቻ ከሆነ ሚስማር የሌለው ጥሩ የክረምት ጎማ ይበቃዎታል፤ ሚስማር ደረቅ አስፋልት እየፋቀ አቧራ ያስነሳል፤ በዚሁ ምክንያት እዚያው ስቶክሆልም ሆርንስጋታን የሚባለው ጎዳና ላይ ከ2010 ጀምሮ ተከልክሏል። የሥራ መንገድዎ በዚያ ከሆነ ጎማ ከመግዛትዎ በፊት ምልክቱን ይመልከቱ።