ዓርብ ጥብስ አልሸጥም ማለት ያስከስሳል?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ አነስተኛ ምግብ ቤት አለኝ። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም የጾም ብቻ ነው የምሠራው። ባለፈው ዓርብ አንድ ደንበኛ ጥብስ አዘዘ። የለም ስለው «ንግድ ፈቃድ አውጥተሽ የለ? ግዴታሽ ነው፣ እከስሻለሁ» ብሎ ጮኸብኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ሂጃብ የለበሰች ሴት ገብታ ስትቀመጥ «እዚህ የክርስቲያን ነው» ብዬ መለስኳት። አጥፍቻለሁ? ጠዋት ሥራ ከመጀመራችን በፊት ከሠራተኞቼ ጋር እንጸልያለን። አንዷ እምነቴ ሌላ ነው ብላ አልገባም አለች። ላሰናብታት እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ በጥብሱ ጉዳይ እንቅልፍ አይጡ። ንግድ ፈቃዱ ምግብ ቤት እንዲከፍቱ ነው የፈቀደልዎ፣ በየትኛው ቀን ምን እንደሚያበስሉ አያዝዎትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 በመረጡት ሥራ የመሰማራት፣ በአንቀጽ 27 ደግሞ እምነትዎን የመተግበር መብት ሰጥቶዎታል። ሰውየውም መብት አለው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በአንቀጽ 14 አማርጦ የመግዛት መብት ይሰጠዋል። አማርጦ መግዛት ግን ካለው መምረጥ፣ ካልተስማማው ሌላ ቤት መሄድ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ዓርብም ቢሆን ጥብስ አይታጣም፤ ዓሣ ካማረው ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል አለለት። ብቻ «ዛሬ የጾም ብቻ» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ይለጥፉ።

ያሳሰበኝ ሁለተኛው ነው። በቅንነት ያደረጉት ይመስለኛል፤ ሥጋው እሷ የምትበላው እንዳልሆነ ሊነግሯት ፈልገው ይሆናል። መንገሩ ልክ ነው። እንዲያውም ያው አንቀጽ 14 ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ጥፋቱ እርስዎ መወሰንዎ ነው። ሻይ ብቻ ፈልጋ ቢሆንስ? ሽሮ አምሯት ቢሆንስ? «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ሥጋችን የክርስቲያን ነው፣ ሽሮና ምስር ግን አለ» ቢሏት ይበቃ ነበር። ከዚያ መብላቱም መውጣቱም የእሷ ምርጫ ነው። የሽሮው ድስት ሥጋም የሚሠራበት ከሆነ ሳትጠይቅዎት ይንገሯት። እዚህች ላይ ዝም የሚሉ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ በኋላ የሰማ ሰው ምን ያህል እንደሚያዝን አይቻለሁ።

በእምነቷ የተነሳ ከወንበር ማስነሳት ግን ሌላ ነገር ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 8 ሰው መብቱን ሲጠቀም ሃይማኖቱ ልዩነት እንደማያመጣ ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱን የማክበር ግዴታም የመንግሥት ብቻ አይደለም፤ አንቀጽ 9 ዜጎችንም ይጨምራል። የሸማቾች አዋጁ ደግሞ ሸማች በትሕትናና በአክብሮት መስተናገድ አለበት ይላል። አቤቱታ ብታቀርብ ጆሮ የሚሰጣት ታገኛለች። የሚያውቋት ከሆነ ፈልገው ይቅርታ ይጠይቋት። ሰው ፊት ተነስቶ መውጣት ከባድ ነው።

ሠራተኛዋን በፍጹም እንዳያሰናብቷት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 በእምነት ጉዳይ ማስገደድን ይከለክላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26 ደግሞ ሃይማኖት የሥራ ውል ለማቋረጥ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ጽፏል። ካሰናበቷት በሦስት ወር ውስጥ ወደ ሥራ ልመለስ ብላ ልትከስ ትችላለች፣ ልታሸንፍም ትችላለች። ጸሎታችሁ አይቅር። የፈለገ ይጸልይ፣ እሷ ሥራ ሲጀመር ትግባ፤ በዚህ ምክንያት ደመወዟም ፈረቃዋም እንዳይነካ።