ብሎኑ ስለገጠመ ብቻ

ሰሞኑን አንድ ተለማማጅ ልጅ “ጋሼ፣ ቴስታታው ልክክ ብሎ ገጥሟል እኮ፤ ከዚህ በላይ ምን ይለካል?” አለኝ። ቴስታታ የሞተሩ ክዳን ነው፤ ከሲሊንደሮቹ አናት ላይ በብሎን የሚታሰረው። ዝም አልኩት። የተቆጣሁ መስሎት አቀረቀረ። በእርግጥ ተቆጥቻለሁ፤ በእሱ ግን አይደለም።

በእሱ ዕድሜ ሳለሁ አንድ ባለ 8 ሲሊንደር የቤንዚን ጭነት መኪና ገባልን። ውሃ ጨርሶ ሞቆ የግራው ቴስታታ ተሰንጥቋል። ከሌላ ሞተር የወረደ ተገኘ። የብሎን ቀዳዳው፣ የውሃ መንገዱ፣ ሁሉም አንድ ነው። አለቃዬ ዝግ ያሉ ሰው ነበሩ። የፈቱትን ብሎን ሁሉ በተበሳ ካርቶን ላይ በተራው ይሰኩ ነበር። እኛ ወጣቶቹ በዚያ ካርቶን ስንቱን ቀልድ ቀለድን! “ጓዳውን ለካኸው?” አሉኝ። የቃጠሎውን ክፍል ጓዳ ነው የሚሉት። “አዎ” አልኩ። አልለካሁም። ሹፌሩ ጭነት ይጠብቀዋል፣ እኔም ቸኩያለሁ።

ብለካ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር። ቫልቮቹና እሳት የሚጭረው ካንዴላ እንደገቡ ቴስታታውን ገልብጦ ማስተካከል፣ ጠርዙን ግራሶ ቀብቶ ቀዳዳ ባለው ግልጽ ፕላስቲክ መክደን፣ በስሪንጅ ነጭ ጋዝ እየሞሉ ስንት ሲሲ እንደገባ መጻፍ። በቃ።

የሲሊንደሩ ስፋት 100 ሚሊሜትር፣ በውስጡ ከላይ ታች የሚለው የፒስቶኑ ጉዞ 90 ነበር። ይሄ 707 ሲሲ ይሆናል። ፒስቶኑ ላይ ሲደርስ የሚተርፈው ቦታ ደግሞ፦ ጓዳው 76፣ ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር የሚገባው ማሸጊያ) 8፣ ፒስቶኑ ከሞኖብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ካሉበት አካል) ፊት ዝቅ ያለበት 4፣ አናቱ ላይ ያለው ጉድጓድ 8፤ ድምሩ 96። 707ን ጨምራችሁ ለ96 ስታካፍሉት 8.4 ይመጣል። ቤንዚኑና አየሩ ስንት እጥፍ እንደሚታመቅ ነው፤ ኮምፕሬሽን ሬሾ እንለዋለን። እኔ ያሰርኩት ቴስታታ ጓዳው 64 ብቻ ነበር። የተረፈው ቦታ 84 ሆነ፤ ኮምፕሬሽን ሬሾው 9.4። አንድ ሞተር፣ ቀኝ ጎኑ 8.4፣ ግራው 9.4።

ሚኒሞ ላይ፣ ቆሞ ሳይረገጥ ሲሠራ፣ ድምፁ ያምር ነበር። ጭኖ ዳገት ሲይዝ ግን ግራው ማንኳኳት ጀመረ፤ ቤንዚኑ የካንዴላው እሳት እስኪደርሰው ሳይጠብቅ በራሱ እየፈነዳ። ሹፌሩ ጭነቱ ነው ብሎ ነዳው። ከሳምንታት በኋላ ተጎትቶ መጣ። ሁለት ፒስቶኖች የፋሻ (ዙሪያቸውን የሚይዘው የብረት ቀለበት) መቀመጫቸው ተሰብሯል። አለቃዬ ስሪንጃቸውን አንስተው ሁለቱንም ቴስታታ ለኩ። በጠመኔ አንዱ ላይ 76፣ ሌላው ላይ 64 ጻፉና እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ብሎን ከመሃል ወደ ዳር ይጠብቃል ብዬ አልነግራችሁም። ይሄን የማያውቅ መፍቻ አይንካ። ናፍጣ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጓዳው ያለው ፒስቶኑ ላይ ነው። የቴስታታውን ፊት ማሽን ላይ ባስላጫችሁ ቁጥር ቫልቩ ወደ ፒስቶኑ ይጠጋል።

የዛሬ ልጆች ሬሾውን ስልካችሁ በሰከንድ ያወጣላችኋል። “76ን ከየት አመጣኸው?” ስላችሁ “ኢንተርኔት ላይ” ትላላችሁ። ይሄ ያናድደኛል። እውነቱን ለመናገር ግን እኔም ባለፈው ሳሰላ መነጽሬን ረስቼ የዚያኑ ልጅ ስልክ ተውሻለሁ። ቁጥሩን ግን እኔው ነኝ የለካሁት።

ሹፌሩ ያኔ “ምን ሆኖ ነው?” ሲለኝ “ቤንዚኑ ነው” አልኩት። ሁለተኛው ውሸቴ መሆኑ ነው። አመነኝ። ከዚያ በኋላ ቤንዚን የሚቀዳበትን ቦታ እንደቀየረ ሰማሁ።