መዝገቡ ተዘግቷል ማለት ነፃ ወጡ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት በድብደባ ተከስሼ ስመላለስ ቆይቼ መዝገቡ ተዘጋ። አሁን ፖሊስ በዚያው ጉዳይ መጥሪያ ላከልኝ። ጓደኛዬ «ኔ ቢስ ኢን ኢደም የሚባል ሕግ አለ፤ ሁለተኛ አይከሱህም፤ አትሂድ» አለኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ሕጉስ አለ። በላቲን የሚጠራው ይህ መርህ አንድ ሰው በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ እንዳይከሰስና እንዳይቀጣ ይከለክላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 23፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 2 አስፍረውታል። «አትሂድ» የሚለውን ምክር ግን አይስሙ። ይሂዱ። መጥሪያ ንቆ መቅረት ሌላ ጣጣ ያመጣል።

አሁን ወዳልነገሩኝ ነገር ልምጣ። መዝገቡ ለምን ተዘጋ? ደብዳቤዎ ውስጥ «ነፃ ተባልኩ» የሚል ነገር አላየሁም። ይህ አሳስቦኛል።

ብዙ ደንበኞች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። «መዝገቡ ተዘግቷል» ሲባሉ እፎይ ብለው ይወጣሉ። የትእዛዙን ግልባጭ እንኳ አይወስዱም። መዝገብ ግን በብዙ ምክንያት ይዘጋል። ዐቃቤ ሕግ ክሱን አንስቶ ይሆናል። ወይም ምስክር ጠፍቶ፣ ምስክሩ ሲገኝ መዝገቡን የማንቀሳቀስ መብት ለዐቃቤ ሕጉ ተጠብቆለት ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ስለ ጥፋተኝነትዎ ገና ፍርድ አልተሰጠም፤ ጉዳዩ እንደገና ሊነሳ ይችላል። አንቀጽ 23 የሚጠብቀው በመጨረሻ ውሳኔ ጥፋተኛ የተባለን ወይም ነፃ የወጣን ሰው ነው። ነፃ ተብለውም ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ጠይቆ ከሆነ ነገሩ አልተቋጨም። ከተበዳዩ ጋር በሽማግሌ ታርቀው ከሆነም ይንገሩኝ። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል ካልሆነ ዕርቁ ብቻውን ክሱን አያስቀርም። ይህን ሁሉ ሳይጠይቁ እስካሁን ዝም ማለት አልነበረብዎትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሄደው ማኅተም ያረፈበትን ሙሉ ግልባጭ ያውጡ። «በነፃ ተሰናብቷል» የሚል ከሆነና ክስ እንደገና ከመጣ፣ ጠበቃዎ ገና ከጅምሩ የክስ መቃወሚያ ያቅርብ። ተበዳዩ ካሣ ቢጠይቅ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2149 መሠረት የካሣውን ጉዳይ የሚያየው ዳኛ በወንጀሉ ነፃ መባልዎ አያስገድደውም።

ፖሊስ ጣቢያ ሲቀርቡ ያለመናገር መብት አለዎት። ጠበቃ ሳያማክሩ ቃል አይስጡ፤ ያላነበቡትን ወረቀትም አይፈርሙ። መክፈል ካልቻሉ የተከላካይ ጠበቆችን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ግልባጩን ይዘው ይሂዱ፤ እሱን ሳያይ በእርግጠኝነት የሚመክርዎ ጠበቃ አይኖርም።