ይሄ አድራሻ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ማታ ማታ ሲ ቋንቋ እለማመዳለሁ። ፕሮግራሜ ሊኑክስ ላይ እየሞተ አስቸገረኝ፣ በጂዲቢ (የፕሮግራም ስህተት መፈለጊያ) ስከፍተው የቁጥር መዓት ያወጣልኛል። አንድ የሜሞሪ አድራሻ የምን እንደሆነ በምን ልወቅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁጥሩ አያስፈራህ። እናንተ ሰፈር ለእንግዳ ቤት ስትጠቁም መጀመሪያ ብሎኩን፣ ከዚያ የቤት ቁጥሩን አይደል የምትናገረው? እዚህም እንደዚያው ነው። «ኢንፎ ፕሮክ ማፒንግስ» የሚለውን ትዕዛዝ ስጠው። እያንዳንዱ የሜሞሪ ክልል ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ፣ የየትኛው ፋይል እንደሆነ ወይም ሂፕ (ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ እየጠየቀ የሚወስደው ሜሞሪ) እና ስታክ (የፈንክሽኖች ጊዜያዊ ሜሞሪ) የትኞቹ እንደሆኑ ይዘረዝርልሃል። አድራሻህ የቱ ውስጥ እንደወደቀ እይ።

የኮድ አድራሻ ከሆነ «ኢንፎ ሲምቦል» ይሻላል፤ የፈንክሽኑን ስምና ከመነሻው ስንት ባይት እንደራቀ ይነግርሃል። ለሂፕና ለስታክ ግን ስም አያገኝላቸውም፣ በከንቱ አትድከም።

ዓይንህም ቀስ በቀስ ይለምዳል። በተለመደው ባለ 64 ቢት ኮምፒውተር ላይ፣ ጂዲቢ ራሱ ሲያስነሳው፣ በ5555 የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ያንተው ኮድ ወይም ሂፕ ነው፤ ከ7 ቀጥሎ ኤፍ የተደረደረበት ደግሞ ላይብረሪ ወይም ስታክ።

ከሁሉም በላይ ትንሿን ቁጥር ልብ በላት። አድራሻው በሄክስ (በ16 መሠረት አቆጣጠር) 10፣ ማለትም 16 ከሆነ፣ እዚያ ማንም አይኖርም። ብዙውን ጊዜ ባዶ ፖይንተር (የትም የማያመለክት አድራሻ ያዥ) ይዘህ የስትራክት (የተለያየ ዳታ በአንድ ላይ የያዘ ስብስብ) ፊልድ ልታነብ ሞክረሃል ማለት ነው። ከስትራክቱ መነሻ 16 ባይት ላይ ያለው ፊልድ የትኛው ነው? እሱን ለይ፣ ከዚያ «ባክትሬስ» (የትኛው ፈንክሽን የትኛውን እንደጠራ የሚያሳይ ትዕዛዝ) ብለህ ያንን ፖይንተር ማን እንዳቀበለህ ወደ ላይ እየተከተልክ ሂድ።