ቅዳሜ ሌሊት ጠጥቼ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቀረሁ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አብሮ አደጌ ከዳላስ መጥቶ ዲሲ ወጣን። «አንድ ብቻ» ብለን ጀምረን እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ጠጣን። እሱም ሞቅ ብሎት እየነዳ ቤቴ አደረሰኝ። ጠዋት አፍሬ ቅዳሴ ቀረሁ። ጓደኛዬ ግን «ሰንበቴ ላይስ ጠላ ይጠጣ የለ? ምን ያስጨንቅሃል?» ይለኛል። መጠጣት ኃጢአት ነው? ከእሱስ ልራቅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ጓደኛህ ግማሽ እውነት ይዟል። ቤተ ክርስቲያናችን መጠጥ በራሱ ርኩስ ነው አትልም። ጌታ በቃና ውኃውን ወይን አድርጓል። ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ለሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል (1ጢሞ. 5፥23)። ይኸው ሐዋርያ ግን «በወይን ጠጅ አትስከሩ» ይላል (ኤፌ. 5፥18)። ኃጢአቱ ስካሩ ነው።

ሰንበቴውስ? ሰንበቴ በጸሎት ይከፈታል፣ በጸሎት ይዘጋል። ካህኑ ይባርካል፣ ነዳያን ይቀምሳሉ፣ ሁሉም በጊዜ ቤቱ ይገባል። እዚያም ቢሆን አብዝቶ የሚንገዳገድ አይጠፋም። ጠበል ጸዲቅ ስለተባለ ስካሩ አይጸድቅለትም።

አሁን ያልጠየቅኸኝን ልንገርህ። አንተ ያፈርከው በመጠጡ ነው፤ እኔን ያስደነገጠኝ መኪናው ነው። «ሞቅ ብሎት ነበር» ብለህ እንደ ቀላል ነገር አለፍከው። እዚያ መንገድ ላይ ከሌሊት ሥራ የምትመለስ እናት ልትኖር ትችል ነበር። «አትግደል» የሚለው ትእዛዝ መሪ የያዘ ሰውንም ይመለከታል። በቨርጂኒያም በዲሲም በደም ውስጥ ያለው አልኮል 0.08 በመቶ ከደረሰ መንዳት ወንጀል ነው፤ ወረቀቱ ላላለቀለት ሰው ደግሞ የኢሚግሬሽን ጣጣም ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ንስሐ ስትገባ ይህንንም ተናገር። እያወቅህ አብረኸው ተሳፍረሃልና።

ስለ ቅዳሴው፦ ለመቁረብ 18 ሰዓት መጾም ያስፈልጋል። እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚቆርብ ሰው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ እህል ውኃ አይቀምስም። ስለዚህ የዚያን ዕለት ቁርባን የሚታሰብ አልነበረም። ቅዳሴም ቢሆን ሳይበሉ ሳይጠጡ ነው የሚገባው። ይህ ማለት ግን ቤትህ ተሸፋፍነህ ተኛ ማለት አይደለም። ስካሩ ከለቀቀህ በኋላ ቅጥሩ ውስጥ ቆመህ ብትጸልይ፣ ስብከቱን ሰምተህ ብትመለስ ማን ይከለክልሃል? ብዙ ልጆቻችን የጠፉብን በመጠጡ ብቻ አይደለም። አንድ እሑድ አፍረው ይቀራሉ፣ በሚቀጥለው «ለምን ቀረህ?» መባልን ይፈራሉ፣ ከዚያ ዓመት ያልፋል።

ጓደኛህን አትራቀው። «ክፉ ባልንጀርነት መልካሙን አመል ያጠፋል» መባሉን አውቃለሁ (1ቆሮ. 15፥33)። ሁልጊዜ ወደዚያው የሚጎትትህ ከሆነ ይሠራልሃል። በዓመት አንዴ ናፍቆህ የመጣ አብሮ አደግ ግን ሌላ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለታችሁም የጠማችሁ ወሬ ነው። በሰው አገር ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ የሚል ሰው ብቸኝነቱ ከባድ ነው፤ አገርህን የሚያውቅ ሰው ስታገኝ ሌሊቱ ያጥራል። ታዲያ ቤትህ ጠርተህ ሽሮ ሠርተህ አውራው። መውጣት ካማራችሁም ልክህን ቀድመህ ንገረው። «በሞቴ» እያለ ሲያስቀዳብህ «በቃኝ» ማለት ነውር የለውም፤ እኛ ሰዎች ላይ ይህ ይከብዳል እንጂ። ቁልፉም ከቤት አይውጣ፣ በታክሲ ሂዱ።

የነፍስ አባትህ አገር ቤት ከሆኑ ደውለህ ምክራቸውን ጠይቅ። ለኑዛዜው ግን በአካል የምታገኛቸው አባት በአቅራቢያህ ብትይዝ ይሻላል። በዚህ ሳምንት ከቅዳሴ በኋላ አንዱን ካህን ጠጋ ብለህ «አባቴ፣ የነፍስ አባት የለኝም» በላቸው።