ማሽኑ ሱቅዎን አያውቀውም፤ ይንገሩት

የዛሬው አምድ በሙሉ ከባሕር ዳር ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጠ ነው። ጠያቂዎቹ ምግብ ቤት፣ ጀልባ፣ የእንግዳ ማረፊያ፣ የልብስ ስፌት ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሁሉም ቻትጂፒቲን ወይም መሰሎቹን ቻትቦቶች፣ ማለትም በጽሑፍ ሲያዟቸው በጽሑፍ የሚመልሱ ፕሮግራሞችን፣ ለማስታወቂያ ሥራ መጠቀም ጀምረዋል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ባገኙት ነገር ቅር ተሰኝተዋል። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

«በጣና ዳርቻ አነስተኛ የዓሣ ምግብ ቤት አለኝ። ቻትቦቱን ‹ለምግብ ቤቴ የፌስቡክ ማስታወቂያ ጻፍልኝ› ስለው ‹ልዩ ጣዕም፣ ምቹ ሁኔታ፣ ፈጣን መስተንግዶ› እያለ ይጽፍልኛል። ይህንን ማንም ሊለጥፈው ይችላል። ምን ላድርግ?»

የጠየቁትን ነው የሰጠዎት። እነዚህ ፕሮግራሞች በብዙ ጽሑፍ ላይ የሠለጠኑ ናቸው፤ ሥራቸውም ከዚህ ቃል በኋላ የትኛው ቃል ቢመጣ ያስኬዳል እያሉ መገመት ነው። ስለ ቤትዎ ምንም ካልነገሩት በዓለም ላይ ያሉ ምግብ ቤቶች ሁሉ የሚሉትን ይልልዎታል። ስለዚህ ስልኩን ከመክፈትዎ በፊት ወረቀትና ብዕር ይያዙ። ዓሣውን ከማን፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚረከቡ፣ እንዴት እንደሚያዘጋጁት፣ ማን እንደሚበላው፣ ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ ምን እንደሚጠይቅዎት፣ ሌላው የሚያደርገው እርስዎ ግን የማያደርጉት ነገር ምን እንደሆነ ይጻፉ። ከዚያ በኋላ ትእዛዙ እንዲህ ሊመስል ይችላል፦

«በባሕር ዳር ጣና ዳርቻ ስድስት ጠረጴዛ ያለው የዓሣ ቤት አለኝ። ቆሮሶና አምባዛ እሸጣለሁ። ዓሣውን በየዕለቱ ጠዋት ከአሥጋሪዎች እረከባለሁ፤ የዕለቱ ሲያልቅ በር እዘጋለሁ፤ አላሳድርም። ቆሮሶውን ሙሉውን ጠብሼ ከአዋዜና ከሎሚ ጋር አቀርባለሁ። ደንበኞቼ በአብዛኛው በአቅራቢያ ባሉ መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ የምሳ ሰዓታቸው አጭር ነው። ቀድመው ከደወሉ ሲደርሱ ተጠብሶ ይጠብቃቸዋል። ለፌስቡክ የሚሆን ከአምስት ዓረፍተ ነገር ያልበለጠ ጽሑፍ ጻፍልኝ። ዓላማው ሰዎች ከጠዋቱ 5 ሰዓት በፊት ደውለው ምሳ እንዲያዙ ነው። ‹ልዩ›፣ ‹ምርጥ›፣ ‹ወደር የለሽ› የሚሉ ቃላት አትጠቀም። እኔ ያልነገርኩህን አትጨምር። ሦስት የተለያዩ አማራጮች ስጠኝ።»

እዚህ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው «የዕለቱ ሲያልቅ በር እዘጋለሁ» የሚለው ነው። ማሽኑ ይህንን በፍጹም ሊያውቅ አይችልም፤ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ደንበኛው የሚያምንዎትም በእሱ ነው። ቀጥሎ የሚከብደው ዓላማውን መለየት ነው። «ሰው እንዲያውቀኝ» ዓላማ አይሆንም። «ከ5 ሰዓት በፊት እንዲደውሉ» ግን ጽሑፉ የት መድረስ እንዳለበት ያሳያል፤ ማሽኑም የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር በዚያ ልክ ይሠራዋል።

ሦስቱ አማራጮች ሲመጡልዎ ሥራው ገና ተጀመረ። «ሁለተኛው ይሻላል፤ ነገር ግን መክፈቻው ረዥም ነው፤ ስለ ሎሚው የሚለውን ወደ ፊት አምጣው» ብለው ይመልሱለት። ብዙ ሰው በመጀመሪያው መልስ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል፤ ደህና ጽሑፍ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ምልልስ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ማሽኑ ዓሣውን «የጾም ምግብ» ብሎ በድፍረት ሊጽፍልዎ ይችላል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም በሚለው ላይ ምእመናን አንድ ሐሳብ እንደሌላቸው እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ይህንን ቃል ማስታወቂያዎ ላይ ማስገባት አለማስገባት የእርስዎ ውሳኔ ነው፤ ለማሽኑ አይተዉለት።

«ቱሪስቶችን በጀልባ ወደ ገዳማት አመላልሳለሁ። በእንግሊዝኛ ያስጻፍኩት ማስታወቂያ ያማረ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ አንድ አስጎብኚ ጓደኛዬ አንብቦት ሴቶችን ወደ ክብራን ገብርኤል ይጋብዛል አለኝ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። እንዴት ልመነው?»

አይመኑት። ማሽኑ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም በአንድ ዓይነት ልበ ሙሉነት ይጽፋል፤ ከአጻጻፉ ልዩነቱን መለየት አይቻልም። ክብራን ገብርኤል ለሴቶች ዝግ መሆኑን የማያውቅ ጎብኚ በማስታወቂያዎ ተስቦ ከእነ ባለቤቱ ቢመጣና እሷ ጀልባ ላይ ብትቀር፣ ያንን ቀን የሚያስታውሱት በእርስዎ ስም ነው።

መፍትሔው እውነቱን ከእርስዎ አውጥቶ መስጠት ነው። በአማርኛ አንድ ገጽ ይጻፉ፤ ስልክዎ ላይ ያስቀምጡት፤ ማስታወቂያ በሚያስጽፉ ቁጥር ከትእዛዙ ጋር ይለጥፉት። ክብራን ገብርኤል ወንዶች ብቻ፤ በዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሴትም ወንድም ይገባል፤ በደቅ ደሴት ያለው ናርጋ ሥላሴ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ የተሠራ ነው፤ ወደ ቤተ መቅደስ ሲገባ ጫማ ይወለቃል፤ የመግቢያ ክፍያው ከጀልባው ዋጋ ውጭ ነው። የጉዞውን ርዝመትና ዋጋ እርስዎ ይሙሉ። ከዚያ «ስለ ገዳማቱ ከዚህ ውጭ ምንም አትጻፍ፤ የጎደለ ነገር ካለ ከመጻፍህ በፊት ጠይቀኝ» ይበሉት። የመጨረሻዋ ትእዛዝ ብዙ ፈጠራ ታስቀራለች፤ ሁሉንም ግን አታስቀርም።

ስለዚህ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። የጨረሰውን እንግሊዝኛ ይቅዱና አዲስ ውይይት ከፍተው «ይህንን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ መልስልኝ፤ አታሳምረው» ይበሉት። አዲስ ውይይት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በቀድሞው ውይይት ውስጥ የእርስዎ አማርኛ ስላለ ከጽሑፉ ይልቅ እሱን ሊደግምልዎ ይችላል። በገጽዎ ላይ የሌለ ነገር በአማርኛው ካገኙ ያስወጡት። ከመለጠፉ በፊት ደግሞ ያ አስጎብኚ ጓደኛዎ ያንብበው።

ጢስ ዓባይንም አብረው የሚሸጡ ከሆነ ይጠንቀቁ። ማሽኑ ፏፏቴውን ዓመቱን ሙሉ እንደሚያስገመግም አድርጎ ይጽፈዋል። የውኃው መጠን በወቅቱና ወደ ኃይል ማመንጫው በሚሄደው ውኃ ላይ እንደሚወሰን እርስዎ ያውቃሉ። ክረምቱ ሲያበቃ ያለውና በመጋቢት ያለው አንድ አይደለም። ጉማሬም እንዲሁ ነው፤ «ታያላችሁ» የሚለውን «ሊታይ ይችላል» ያድርጉት።

«የሚከፈልበትን መግዛት አለብኝ? ኔትወርኩስ እየጠፋ እንዴት ነው የምሠራው?» (ከባልትና ሱቅ)

ለጀማሪ ነጻው ይበቃል። ማሽኑ ጽሑፍን የሚቆራርጥበት መንገድ ለላቲን ፊደል የተመቸ ስለሆነ፣ አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ከእንግሊዝኛ አቻው የበለጠ ቁራጭ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ የነጻው ገደብ በአማርኛ ሲሠሩ ቶሎ ሊደርስ ይችላል። ሲደርስ ሌላ ሰዓት ይመለሱ። ኔትወርክ ሲኖር የሳምንቱን ጽሑፍ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያሠሩና ስልክዎ ማስታወሻ ላይ ያስቀምጡ። ትእዛዙን ራሱን ደግሞ ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት መጻፍ ይቻላል፤ እንዲያውም ያኔ ተረጋግተው ያስቡበታል።

«የዘጌ ቡና ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ አሽጌ እሸጣለሁ። በአማርኛ ስጠይቀው የሚጽፈው እንደ መሥሪያ ቤት መግለጫ ይደርቃል፤ በእንግሊዝኛ አስጽፌ ሳስተረጉመው ይብሳል። በየትኛው ቋንቋ ልጠይቀው?»

አንባቢዎ አማርኛ የሚያነብ ከሆነ በአማርኛ ይጠይቁት፤ በአማርኛም ይጻፍልዎ። በእንግሊዝኛ የታሰበ ማስታወቂያ ወደ አማርኛ ሲዞር «የቡና ልምድዎን ወደ አዲስ ከፍታ ያሳድጉ» የሚል ነገር ይወጣል። እንዲህ የሚናገር ሰው ማን አለ?

ድርቀቱን የሚያስለቅቀው የእርስዎ አፍ ነው። ቴሌግራምዎን ይክፈቱና ለደንበኞች ራስዎ የጻፏቸውን አምስት ስድስት መልእክቶች፣ የደንበኞቹን ስም አውጥተው፣ ይቅዱ። «ትናንት የተቆላው ዛሬ ደርሷል፤ ሽታው ቦርሳችሁን አልፎ ይወጣል» ብለው ጽፈው ከሆነ ይህ ከማንኛውም ማሽን ጽሑፍ ይበልጣል። መልእክቶቹን ይለጥፉና «እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፤ በዚህ አነጋገር ጻፍ» ይበሉት። ምሳሌ ያየ ማሽን «ለዛ ባለው አማርኛ ጻፍ» ከተባለው በጣም ይለያል።

ሁለተኛ፣ አንባቢውን ምን ብሎ እንደሚጠራ ይንገሩት። አማርኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎና እናንተን ይለያል፤ ማሽኑ ደግሞ በ«እርስዎ» ጀምሮ በ«አንተ» ሲጨርስ ይገኛል። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእናንተ ጻፍ» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ። ሲጨርስ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ቡና እያፈሉ ለጎረቤትዎ የማይናገሩት ዓረፍተ ነገር ካለ ይሰርዙት።

ዘጌን የሚያህል ታሪክ ይዘው «ጥራቱን የጠበቀ ቡና» በሚል ባይረኩ ደስ ይለኛል። በዘጌ በበሬ እንደማይታረስ፣ ቡናው በጫካው ጥላ ሥር እንደሚያድግ ይንገሩት። የአቡነ በትረ ማርያምን በትርና የቡናውን አመጣጥ የሚናገረውን ትውፊት ማስገባት ከፈለጉም «ይህ ትውፊት ነው፤ ‹እንደሚነገረው› ብለህ ጻፈው» ብለው ያዙት። ያለበለዚያ እንደ ታሪክ ማስረጃ አድርጎ፣ ከራሱም ዓመተ ምሕረት ጨምሮ ያቀርበዋል።

«ማር እሸጣለሁ። ገጼ አዲስ ስለሆነ አስተያየት የሰጠበት ሰው የለም። ቻትቦቱ አሥር ያህል የደንበኛ ምስክርነት ቢጽፍልኝ ችግር አለው?»

አዎ፣ አለው፤ እባክዎን አያድርጉት። ያልበላ ሰው «በላሁ፣ ጣፈጠኝ» ሲል ውሸት ነው፤ ማሽን ስለጻፈው ውሸትነቱ አይቀንስም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ሕጉ ባይኖር እንኳ የማር ገበያ በእምነት የሚኖር ገበያ ነው። ስኳር የተቀላቀለበት ማር እየገዛ የተማረረ ሰው ስንት ነው? እርስዎ ንጹሕ ማር ይዘው በሐሰተኛ ምስክር ቢጀምሩ፣ ከእነዚያ ነጋዴዎች የሚለይዎትን አንድ ነገር በገዛ እጅዎ ጣሉት ማለት ነው። «ደም ግፊት ያድናል፣ ጨጓራ ይፈውሳል» እያለ ሲጽፍልዎም ወዲያውኑ ይሰርዙት።

ማሽኑን በሌላ መንገድ ይጠቀሙበት። «ማር ገዝተው ለሄዱ ሰዎች በሳምንቱ የምልክላቸው አጭር፣ ትሕትና ያለው መልእክት ጻፍልኝ፤ ማሩን እንዴት እንዳገኙት ይጠይቅ፤ መልሳቸውን ያለ ስማቸው ገጼ ላይ እንዳወጣ ፈቃድ ይለምን» ይበሉት። ከሃያ ሰው አራቱ ቢመልሱ አራት እውነተኛ ምስክር አገኙ። ከመካከላቸው «ትንሽ ቀጥኖብኛል» የሚል ካለ እሱንም ያውጡት፤ ከሥሩም ለምን እንደቀጠነ ያስረዱ።

«የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። አንድ ደንበኛ ተቆጥቶ ረዥም መልእክት ላከልኝ። መልስ እንዲያዘጋጅልኝ መልእክቱን እንዳለ ለቻትቦቱ ልስጠው?»

እንዳለ አይስጡት። ስሙን፣ ስልኩን፣ የክፍል ቁጥሩን፣ የመታወቂያውን ፎቶ ያውጡ። አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት የሚጻፍለትን ሊያስቀምጥ ይችላል፤ በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ለማሽኑ ቅሬታው ምን እንደሆነ፣ በእርግጥ ምን እንደተፈጠረ፣ እርስዎ ምን ለማድረግ ዝግጁ እንደሆኑ ብቻ ይንገሩት። ሙቅ ውኃ ያልነበረው ቦይለሩ ተበላሽቶ ከሆነ ይኸው ይጻፍ። ማሽኑ «ለተፈጠረው መጉላላት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን» በሚል ጠቅላላ ይቅርታ መሙላት ይወዳል፤ የተቆጣ ሰው ግን የሚፈልገው ቦይለሩ መጠገኑንና ገንዘቡ መመለስ አለመመለሱን ማወቅ ነው። ያልወሰኑትን ካሳም ቃል እንዳይገባብዎ ያንብቡት።

«ወጣት የባህል ልብስ ሰፊ ነኝ። የበዓላት የማስታወቂያ ዕቅድ አውጣልኝ ስለው ቀኖቹን አዘበራረቀብኝ። እንዴት ላስተካክለው?»

እህቴ፣ ቀኖቹን አንቺ ስጪው። እነዚህ ማሽኖች በእኛ አቆጣጠርና በጎርጎሮሳውያኑ መካከል ሲመላለሱ ይሳሳታሉ፤ በጳጉሜን ስድስተኛ ቀን ምክንያት የሚመጣውን የአንድ ቀን ለውጥ ደግሞ በቀላሉ ይዘሉታል። የ2016 ዓ.ም እንቁጣጣሽ በእነሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 12 ነበር፤ ማሽኑ ግን ሁልጊዜ 11 ብሎ ሊነግርሽ ይችላል። ሰዓትም ላይ እንዲሁ ነው፤ «በ3 ሰዓት ለጥፍ» ሲልሽ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቂው።

የግድግዳ ካሌንደር አጠገብሽ አድርጊና ጻፊለት፦ «ጥምቀት ጥር 11 ነው። አንድ ቀሚስ ለመስፋት አሥር ቀን ይፈጅብኛል፤ በሳምንት የምቀበለው አራት ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ከታኅሣሥ 25 በኋላ ለጥምቀት ትእዛዝ አልቀበልም። ከኅዳር 20 ጀምሮ እስከዚያ ድረስ በሳምንት ሁለት አጫጭር የቴሌግራም ጽሑፎች አዘጋጅልኝ። ቀኖቹን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፍ፤ ወደ ሌላ አትቀይር።» ከዚያ በየጽሑፉ ሥር የትኛው ፎቶ እንደሚገባ አንቺ ምረጪ። የጥልፉን ጫፍ በቅርበት የሚያሳይ፣ በመስኮት ብርሃን የተነሣ ፎቶ ካለሽ መጀመሪያ እሱን ተጠቀሚ፤ ማሽኑ የፈጠረውን የቀሚስ ሥዕል ግን አትለጥፊ፤ ደንበኛሽ ልክ እንደዚያ ስፊልኝ ብላ ትመጣለች።