በባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ቱርቦ ደሴ ላይ ለምን ይታነቃል?

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎችን ወደ አገር ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ወሎ ውስጥ የአሮጌ መኪና ክብር ጨምሯል። ስለዚህ እናንተ ውጭ አገር ያላችሁ ለወንድሞቻችሁ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) እና የሞተር ኮምፒውተር ብትልኩ አይገርመኝም። እኔም ውጭ አገር ጋራዥ ሠርቼ ኮምቦልቻ የገባሁ ሰው ነኝና የዕቃውን ጥራት አላማም። የምጣላው አብሮት ከሚመጣው ፋይል ጋር ነው፤ ኮምፒውተሩ መቼና ምን ያህል ነዳጅ እንደሚረጭ የሚነግረው ማለቴ ነው። ባሕር ጠረፍ ባለ ከተማ የተስተካከለ ፋይል በኢሜይል ደሴ ይደርሳል፤ መኪናው ፒያሳ ላይ ነዳጅ ሲሰጡት ይታነቃል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ከዚያ እንደ ምንም ብሎ ይነሣል። ወዲያው ስልክ ይደወልና ቱርቦው ይረገማል። አብሽሩ፣ ቱርቦው ጤነኛ ነው።

ፔዳሉን በድንገት ስትረግጡ አየሩ ወዲያው ይገባል። ኢንጀክተሩ የረጨው ቤንዚን ግን ሁሉም ሲሊንደር ውስጥ አይደርስም፤ ከፊሉ በአየር መግቢያው ግድግዳ ላይ ይቀራል፣ ደረቅ እንስራ የመጀመሪያውን ውኃ ራሱ እንደሚጠጣው። በዚያች ቅጽበት ሞተሩ ነዳጅ ያንሰዋል፣ ያስነጥሳል። በካርቡራተር ዘመን ይህን ጉድለት የምትሞላ ትንሽ ፓምፕ ነበረች፤ ዛሬ ኮምፒውተሩ ለጥቂት ጊዜ ተጨማሪ ነዳጅ ይረጫል፤ ድንገተኛው ነዳጅ የምለው ይህን ነው። የሚያስፈልገው ተጨማሪ ልክ በአብዛኛው የሚወሰነው ማኒፎልድ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቧንቧ) ውስጥ ያለው ግፊት በስንት በመዝለሉ ነው።

አሁን ቁጥሩን እንየው። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው። ሞተሩ ያለ ጭነት ሲዞር ማኒፎልዱ ውስጥ 35 ገደማ ይሆናል፤ ስትረግጡት፣ ቱርቦው ገና ሳይነቃ፣ ወደ 100 ይጠጋል። ዝላዩ 65 ነው። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ላይ ናት፤ አየሯ 75 ገደማ ስለሆነ ዝላዩ 40 ላይ ያበቃል። በዚያ ላይ ግፊት ሲቀንስ ቤንዚን በቀላሉ ስለሚተን ግድግዳ ላይ የሚቀረውም ያንሳል። ለ65 የተሰፈረውን ለ40 ስትሰጡት ነው እንግዲህ የሚታነቀው።

የቱርቦው ግፊት የሚደርሰው ዘግይቶ፣ እግራችሁ ፔዳሉን ጨርሶ ከረገጠ በኋላ ነው፤ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ደግሞ የበለጠ ይዘገያል። ይህን ሁለተኛ ዝላይ መሸፈን ያለበት ዋናው የነዳጅ ሰንጠረዥ፣ ማለትም ለየዙሩና ለየግፊቱ የሚረጨውን ነዳጅ የሚወስነው ነው። ኮምፒውተሩ የፔዳሉን ፍጥነት ወይም የግፊቱን ፍጥነት አንብቦ ነዳጅ እንዲጨምር ምርጫ ከሰጣችሁ፣ ለቱርቦ ፔዳሉን ምረጡ። በግፊት ካደረጋችሁት ቱርቦው በነቃ ቁጥር ሳያስፈልግ ይረጫል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ቱርቦው ሲገፋ ነዳጅ ማነሱን አይቶ የድንገተኛውን ነዳጅ የሚጨምር ሰው ነው። ድንገተኛው ነዳጅ በግማሽ ሰከንድ ያልቃል፤ ግፊቱ ግን ይቀጥላል፣ ሞተሩ መንኳኳት ይጀምራል፣ ከዚያ ፒስተን ይበሳል። እዚህ ማደያ ላይ እንዳላችሁበት አገር የኦክቴን (ቤንዚኑ መንኳኳትን የሚቋቋምበት ልክ) ምርጫ አይቀርብላችሁም። ስለዚህ በግፊት ጊዜ ለአንድ እጅ ቤንዚን ከ11.5 እስከ 12 እጅ አየር በዋናው ሰንጠረዥ ላይ ይስተካከል። ከዚያም በፊት የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያውን ከማኒፎልዱ ጋር የምታገናኘው ቀጭን ጎማ ትታይ። ብዙ ጊዜ የማገኛት ደርቃ የተሰነጠቀች ወይም በሽቦ የታሰረች ናት፤ እሷ አየር ካስወጣች የትኛውም ሰንጠረዥ አያድናችሁም።

ለዋናው ሰንጠረዥ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደው የሐረጎ ዳገት ሞተሩን በደንብ ይጭነዋል። መንገዱ ግን ጠመዝማዛና የከባድ መኪና መንገድ ስለሆነ አንዱ ይንዳ፣ ሌላው ላፕቶፑን ይያዝ። ለድንገተኛው ነዳጅ ሜዳ ይሻላል፤ ወደ ቦሩ ሜዳ ወጣ በሉ። ሞተሩ ይሙቅ፣ የሞተሩ ኮምፒውተር በጭስ መውጫው የኦክስጅን ሴንሰር ነዳጁን ራሱ የሚያርምበት ሥራ ይዘጋ። በሦስተኛ ማርሽ በደቂቃ 2,000 ዙር ላይ አረጋግታችሁ ፔዳሉን በአንድ ጊዜ ርገጡና ላፕቶፑ የመዘገበውን ንባብ ተመልከቱ። መጀመሪያ ላይ ነዳጅ ካነሰ በ10 በመቶ ጨምሩ፤ ከበዛ በዚያው ልክ ቀንሱ። አንሶ ወዲያው ከበዛ መጠኑን ሳይሆን የሚረጭበትን ጊዜ አሳጥሩ። ሴንሰሩ ጭሱ እስኪደርሰው ስለሚዘገይ ንባቡን ከፔዳሉ ጋር እኩል አድርጋችሁ አታንብቡ። ዙሩ ከፍ እያለ ሲሄድ ተጨማሪው እየቀነሰ ይጥፋ። ቀዝቃዛ ሞተር የራሱ ሰንጠረዥ አለው፤ እሱን የደሴ ማለዳ ላይ እንጂ ቀትር ላይ አትንኩት።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ብዙ ኮምፒውተሮች የአካባቢውን የአየር ግፊት የሚያነቡት ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ላይ፣ 1,850 ሜትር ገደማ፣ የተነሣ መኪና ሳይጠፋ ደሴ ሲገባ አሁንም ኮምቦልቻ ያለ ይመስለዋል፤ ልዩነቱ 6 ኪሎፓስካል ያህል ነው። ወንድማችሁ ሐረጎን እንደወጣ አጥፍቶ ያስነሣ። የአካባቢውን ግፊት ለብቻው የሚያነብ ሴንሰር ርካሽ ነውና በሚቀጥለው ዕቃ ውስጥ ጨምሩለት።